የኩባንያን ድረ ገጽ ማጨናነቅ ተቃውሞ ነው፣ ሀኪንግ ነው ወይስ ሽብር? ግልጽ ደብዳቤ

ለፍትሕ ሚኒስቴር
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በኢንተርኔት በኩባንያዎች ላይ የሚደረጉ ተቃውሞዎችና ጥቃቶች በሕጋችን ተለይተው እንዲታዩ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሕግ ሰዎች፣

ሥራዬ የኔትዎርክ ጥበቃ ነው። ሲስተም ሲወድቅ ሌሊት የሚደወለው ለእኔ ነው። ስለዚህ ለሀከሮች ጥብቅና ልቆም አይደለም የምጽፍላችሁ። እነሱ ሲመጡ የሚጎዳው የእኔው ቤት ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ሰዎች ተጠራርተው የአንድን ኩባንያ ድረ ገጽ ለሁለት ሰዓት ያጨናንቃሉ እንበል። ሌላው ሰብሮ ገብቶ የደንበኞችን መረጃ ይዘርፋል። ሌላው ደግሞ የሆስፒታል ሲስተም አቁሞ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል። እነዚህ በጣም የተራራቁ ድርጊቶች ናቸው። በሕጋችን ውስጥ ግን ተቀራርበው ነው የተቀመጡት። ዐቃቤ ሕግ ከፈለገ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያሻግራቸው ይችላል። ይህ ለዜጋው አይበጅም። ለኩባንያውም አይበጅም። እንደ እኔ መሃል ላይ ለቆመ ባለሙያም አይበጅም።

ነገሩ ባዶ ሜዳ ላይ እንዳይቀር አንድ የጀርመን መዝገብ ላንሳ።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1999 አንድ የ30 ዓመት ሱዳናዊ ጥገኝነት ተከልክሎ ከፍራንክፈርት በሉፍታንዛ አውሮፕላን ወደ አገሩ እንዲመለስ ተደረገ። እጅና እግሩ ታስሯል። ራሱ ላይ የሞተር ሳይክል ሄልሜት አጥልቀውበታል። አውሮፕላኑ ሲነሳ አጃቢ ፖሊሶቹ ጭንቅላቱን ወደ ታች ተጭነው ያዙት። መተንፈስ አቅቶት እዚያው ሞተ። ከዓመታት በኋላ ሦስቱ ፖሊሶች የተፈረደባቸው 9 ወር ነው፤ እሱም በገደብ። ጀርመን ውስጥ ወረቀት እየጠበቁ ያሉ ወገኖቻችን ብዙ ናቸውና ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ከዚያ ሞት በኋላ ስደተኞችን የሚደግፉ ቡድኖች ሉፍታንዛ ላይ ዘመቻ ከፈቱ። ሰውን በግድ በማባረር ሥራ ላይ እጅህን አታስገባ አሉት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 20 ቀን 2001 የኩባንያው ባለአክሲዮኖች ኮሎኝ ከተማ ላይ ዓመታዊ ጉባኤ ነበራቸው። ዘማቾቹ ያንኑ ቀን መርጠው የኦንላይን ሠልፍ ጠሩ። ቀኑንና ሰዓቱን በይፋ ተናገሩ። እንደ ማንኛውም ሠልፍ ለከተማው አስተዳደር አስቀድመው አሳወቁ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ13 ሺህ በላይ የኢንተርኔት አድራሻዎች የኩባንያውን ገጽ ደጋግመው ከፈቱት። ይህን የሚያቀላጥፍ ትንሽ ፕሮግራምም ተሠራጭቶ ነበር። ገጹ ተንቀረፈፈ። አልፎ አልፎም አልከፍት አለ። ሰዓቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። የተሰረቀ የይለፍ ቃል የለም። የጠፋ ፋይልም የለም።

ፖሊስ ግን የአዘጋጆቹን ቢሮ ፈተሸ፤ ኮምፒዩተሮቻቸውንም ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2005 የፍራንክፈርት የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከአዘጋጆቹ አንዱን በገንዘብ ቀጣው። ጥፋትህ ሰዎች ኩባንያውን እንዲያስገድዱ መቀስቀስህ ነው አለው። ነገሩ የተገለበጠው በይግባኝ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2006 እዚያው ፍራንክፈርት ያለው የበላይ ፍርድ ቤት ሰውየውን በነጻ አሰናበተው። ማውስ መጫን ኃይል መጠቀም አይባልም አለ። ኩባንያው በዛቻም አልተገደደም፤ ዳታውም አልጠፋም፣ አልተለወጠም አለ።

ጀርመኖች እዚያ ላይ አላቆሙም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወንጀል ሕጋቸውን አሻሻሉ። አሁን ሌላውን ለመጉዳት አስቦ ዳታ በመላክ ሲስተሙን በከባዱ ማወክ ወንጀል ነው። ይህን ማድረጋቸውን አልነቅፍም። ቅጣቱን እንዴት እንዳስቀመጡት ግን ተመልከቱልኝ። የተነካው የድርጅት ሲስተም እንኳ ቢሆን መደበኛው ጣሪያ 5 ዓመት ነው፤ ወደ 10 ዓመት የሚወጣው በተለይ ከባድ በሆነ ጉዳይ ብቻ ነው። ከታች ደግሞ ዳኛው በገንዘብ ቅጣት ብቻ ሊያልፈው ይችላል። ጥፋቱ ትንሽ ከሆነ ፍርዱም ትንሽ እንዲሆን ቦታ ተትቷል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 5 ያለ ፈቃድ ዳታ በማስገባት፣ በማሠራጨት፣ በማጥፋት ወይም በመለወጥ የኮምፒዩተር ሥርዓትን ማወክን ይከለክላል። መነሻው ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ ገንዘብም ይጨመርበታል። የተነካው ሲስተም ለድርጅት አገልግሎት የዋለ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይሆናል። ቁልፍ መሠረተ ልማት ከሆነ ከዚያም ይዘልቃል። እንግዲህ ያ የሁለት ሰዓት የኮሎኝ ሠልፍ አዲስ አበባ ላይ ቢደረግ ኖሮ የአዘጋጁ ሒሳብ የሚጀምረው ከ5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። አንድን ድረ ገጽ ለሁለት ሰዓት ያዘገየና ለሁለት ወር ያፈረሰ መነሻቸው አንድ ነው። ይህ ሚዛን ልክ አይመስለኝም።

ይህ እንግዲህ ሀኪንግ በሚባለው በኩል ነው። በሽብር በኩል ያለው የበለጠ ያሳስበኛል።

የሽብር ወንጀልን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1176/2012 አንቀጽ 3 ከሽብር ድርጊቶች መካከል የሕዝብ ወይም የማኅበራዊ አገልግሎትን በከፍተኛ ደረጃ ማወክን ይቆጥራል። ለዚህ የፖለቲካ፣ የሃይማኖት ወይም የርዕዮተ ዓለም ዓላማ ማራመድና ሕዝብን ማሸበር ወይም መንግሥትን ማስገደድ አብሮ መኖር አለበት። እስቲ ተመልከቱት። ተቃውሞ ሁሉ ዓላማ አለው። ተቃውሞ ሁሉ አንድን አካል ሐሳቡን እንዲለውጥ ይገፋል። ዛሬ ደግሞ ባንኩም፣ ቴሌኮሙም፣ መብራቱም ኩባንያ ነው። የኩባንያ ገጽ ሲወድቅ የሕዝብ አገልግሎት ታወከ ለማለት አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚቀረው።

አዋጁ መልካም ነገርም አለው። ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው። አንቀጽ 4 ሠራተኞች ከሙያቸው ወይም ከመሥሪያ ቤታቸው ጋር በተያያዘ የሥራ ማቆም አድማ በማድረጋቸው አገልግሎት ቢታወክ ሽብር አይደለም ይላል። ሰላማዊ ሠልፍን፣ ስብሰባንና መሰል በሕግ የታወቁ መብቶችን ሲጠቀሙ የሚፈጠር መታወክም ሽብር አይባልም። የቀድሞው አዋጅ 652/2001 ይህን ያህል ግልጽ በር አልነበረውም። በሕጉ ላይ የሠሩት ባለሙያዎች ካለፈው ተምረዋል።

ያለፈውን ለምን እንደማነሳ ልንገራችሁ። በ2006 ዓ.ም. የዞን 9 ጦማርያንና ከእነሱ ጋር የታሰሩ ጋዜጠኞች በሽብር ሲከሰሱ፣ ከቀረበባቸው ነገር አንዱ የዲጂታል ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። መልእክትን አመስጥሮ መላክ፣ መረጃን መጠበቅ፣ እንዲህ ያለ ነገር ነው። እኔ ለምሠራበት ድርጅት ሠራተኞች የምሰጠው ሥልጠና ከዚያ ብዙ አይለይም። የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ፣ ፋይላችሁን ቆልፉ፣ ሊንክ ዝም ብላችሁ አትክፈቱ እላቸዋለሁ። በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ የገሚሶቹ ክስ ተነሣ። የቀሩትም በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በፍርድ ቤት ከሽብር ክሱ ነጻ ወጡ። ግን ከዓመት በላይ እስር ቤት ከቆዩ በኋላ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የክስ መዝገብ ላይ ግን የሚያወጣው ዐቃቤ ሕግ ነው። አንዴ የወጣ ስም ደግሞ ሰውየው ነጻ ቢወጣም አብሮት ይኖራል።

እዚህ ላይ ከሥራዬ አንድ ነገር ላሳያችሁ። የሕግ ሰው ተቀምጦ ሎግ፣ ማለትም ከየትኛው አድራሻ መቼ ምን እንደተጠየቀ ሲስተሙ የሚይዘውን መዝገብ፣ ስለማያይ፣ ከውጭ ነገሩ ግልጽ ይመስለዋል።

በአንድ ወቅት ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። የድርጅታችን ሳይት አልከፍት ብሏል። ገብቼ ሳይ የትራፊኩ ግራፍ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ከሺዎች አድራሻ ጥያቄ ይዘንባል። ሲፒዩው መቶ በመቶ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ፋየርዎሉ ማስጠንቀቂያ በማስጠንቀቂያ ሆኗል። አንድ ኃላፊ ገና ሲሰማ "ይሄ የተቀነባበረ ጥቃት ነው፤ ዛሬውኑ ለሚመለከተው አካል ይጻፍ" አለ። ደብዳቤው መረቀቅ ሁሉ ጀምሮ ነበር። እኔና አንዲት ባልደረባዬ ሎጉን መስመር በመስመር መውረድ ጀመርን። ያ ሁሉ ጥያቄ የሚሄደው ወደ አንድ ገጽ ነው፤ ወደ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ። ማስታወቂያው ያን ቀን አንድ ትልቅ የቴሌግራም ቻናል ላይ ተለጥፏል። ጥቃት አድራሽ የተባሉት በየክፍለ ሀገሩ ስልካቸውን ይዘው የተቀመጡ፣ ሥራ የሚፈልጉ ተመራቂዎች ነበሩ። ገጹ አልከፍት ሲላቸው ደግመው ይጫናሉ፤ ሲጫኑ ይባስ ይቆለፋል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲለቀቅ የሚሆነውንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ለምን ይህን ነገርኳችሁ? ሎግ ላይ የሚታየው ጫና ነው። ሐሳብ አይታይም። ሥራ ፈላጊውም፣ ተቃዋሚውም፣ በገንዘብ የተከራየ አጥቂም ስክሪን ላይ መጀመሪያ ሲታዩ አንድ ናቸው። ለመለየት ጊዜ ያስፈልጋል፣ የተማረ ዓይን ያስፈልጋል። ድርጅቶች ደግሞ በደነገጡ ሰዓት ትልቁን ቃል ነው የሚያነሡት። ጥቃት ነው ማለት ሲስተሙን በቂ አድርገን አልገነባነውም ከማለት ይቀላል። መርማሪው ያን የመጀመሪያ ደብዳቤ እንደ ማስረጃ ከያዘው አለቀ። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰዎች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ያወጡ ጊዜ ስንት ወሬ እንደተነዛ አስታውሱ። ባንኩ ራሱ የሳይበር ጥቃት አይደለም ብሎ ማስረዳት ነበረበት። ይህን በማለቱ አከብረዋለሁ።

ወደ ሌላው ትልቅ መዝገብ ልሂድ። ምስጢራዊ ሰነዶችን የሚያወጣው ዊኪሊክስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 መጨረሻ የአሜሪካን የዲፕሎማሲ መልእክቶች ማውጣት ጀመረ፤ በታኅሣሥ የክፍያ ኩባንያዎቹ ፔይፓል፣ ቪዛና ማስተርካርድ ለድርጅቱ የሚሄደውን ልገሳ አቋረጡ። ብዙ ሰው ተናደደ። አኖኒመስ በሚል ስም የተሰባሰቡ ሰዎች ኦፕሬሽን ፔይባክ ያሉትን ዘመቻ በእነዚህ ኩባንያዎች ላይ አዞሩ። ወደ አንድ ሳይት ጥያቄ ደጋግማ የምትልክ ሎይክ የምትባል ፕሮግራም አውርዶ፣ የሳይቱን አድራሻ አስገብቶ አንድ ቁልፍ መጫን ነበር። የማስተርካርድና የቪዛ ድረ ገጾች ለሰዓታት ወረዱ። የካርድ ክፍያው ግን በአብዛኛው ሥራውን ቀጥሏል። የወረደው ሰው የሚጎበኘው የፊት ገጽ ነው። ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ኮር ሲስተም ሌላ ነው። ይህን ልዩነት ለሕግ ሰዎች ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። ክስ ሲጻፍ "የክፍያ ሥርዓቱን አወኩ" የሚለውና "ድረ ገጹን አወኩ" የሚለው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ፍርዱስ? እንግሊዝ ውስጥ አንድ የ22 ዓመት ተማሪ እ.ኤ.አ. በጥር 2013 የ18 ወር እስራት ተፈረደበት። እዚያ ችሎት ፔይፓል ጉዳቴ 3.5 ሚሊዮን ፓውንድ ነው አለ። አሜሪካ ውስጥ ፔይፓልን በማጥቃት የተከሰሱ 13 ሰዎች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ጥፋተኛ ነን አሉ። አብዛኞቹ ለአንድ ዓመት ጠባያቸውን ካሳመሩ ከባዱ ክስ እንዲነሣላቸው ተስማሙ። የካሳው መጠን ለአንድ ሰው 5,600 ዶላር ነበር። ሚሊዮን ፓውንድ ወዲህ፣ 5,600 ዶላር ወዲያ። አንድ ኩባንያ ራሱ የሚያቀርበው የጉዳት አኃዝ ገለልተኛ ሰው ሳያየው የቅጣት ማክበጃ መሆን እንደሌለበት ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። ከዚህ አኃዝ ውስጥ ስንቱ የእውነት ጉዳት ነው? ስንቱ ድሮም መደረግ የነበረበት የሲስተም ማሻሻያ ነው? በእኔ ሙያ ይህን መለየት ይቻላል።

ልብ በሉ፤ በሁለቱም አገር ሰዎቹ በኮምፒዩተር ሕግ ነው የተዳኙት። በሽብር አልተከሰሱም።

የሚገርመው ከተጎጂው ወገንም የምሕረት ድምፅ መጣ። ያኔ ፔይፓል የኢቤይ ንብረት ነበር። የኢቤይ መሥራች ፒየር ኦሚድያር ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት በይፋ ጽፎ ዐቃቤ ሕግ እንዲያቀልላቸው ጠየቀ። ድርጊቱን አልደገፈም። አንድ ከባድ ነጥብም አነሣ። ፕሮግራሟ የአንድን ሰው ድምፅ በሺዎች ታባዛለች አለ፤ መንገድ ላይ ግን አንድ ሰው እንደ አንድ ሰው ነው የሚቆመው።

ይህ ነጥብ ለእኔ የነገሩ ልብ ነው። ተቃዋሚ ነን የሚሉ ወጣቶችም እንዲሰሙት እፈልጋለሁ። ሠልፍ ክብር የሚያገኘው ሰው ራሱ ስለወጣ ነው። ከሥራው ቀርቶ፣ ፊቱን አሳይቶ፣ የሚመጣውን ተቀብሎ ነው የሚቆመው። በኦፕሬሽን ፔይባክ ጊዜ ከጉልበቱ ትልቁን ድርሻ ያዋጡት ቦትኔት የነበራቸው ጥቂት ሰዎች እንደሆኑ ኋላ ተጽፏል። ቦትኔት ማለት ባለቤቱ ሳያውቅ በቫይረስ የተያዘ የብዙ ሺህ ሰው ኮምፒዩተር ነው። እዚያ ውስጥ የአንዲት አስተማሪ ላፕቶፕ አለ። የአንድ ኢንተርኔት ካፌ ማሽን አለ። እነዚህ ሰዎች ሠልፍ አልወጡም። ሳያውቁ ተጎትተው ነው። በሰው ጉልበት የተደረገን ነገር የእኔ ድምፅ ነው ማለት አይቻልም። ቦትኔት የተጠቀመ፣ ወይም በጥቂት ዶላር ጥቃት የተከራየ ሰው ዓላማው ምንም ያህል ቢያምር ለእኔ ተቃዋሚ አይደለም። እሱ በኮምፒዩተር ወንጀል ቢጠየቅ አልከራከርም።

ሰብሮ የገባስ? እሱ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2014 በፊልም ሠሪው ሶኒ ፒክቸርስ ላይ የደረሰውን ውሰዱ። አጥቂዎቹ የሠራተኞችን ደሞዝ፣ የግል ኢሜይልና የማንነት ቁጥር ዘርግፈው ለዓለም አሳዩት። የተጎዳው ትልቁ ኩባንያ ብቻ አልነበረም። ጸሐፊዋም፣ ሒሳብ ሠራተኛውም ተጎዱ። ይህ ስርቆት ነው። ቀጥለው ደግሞ ኩባንያው የሠራውን፣ በሰሜን ኮሪያ መሪ ላይ የሚቀልድ ፊልም በሚያሳዩ ሲኒማ ቤቶች ላይ የመስከረም 11ን ጥቃት እያስታወሱ ዛቱ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ ሽብር የተጠጋው፤ በሰው ሕይወት ላይ ዝተዋልና። ኤፍቢአይ ከጀርባው ሰሜን ኮሪያ አለች አለ። ያም ሆኖ ፕሬዚዳንት ኦባማ በሶኒ ላይ የተደረገውን የጦርነት ድርጊት ብለው አልጠሩትም። የሳይበር ውድመት ነው ያሉት፤ ብዙ ዋጋ ያስከፈለ ውድመት። ያን የሚያህል መንግሥት፣ ያን በሚያህል ጥቃት ላይ፣ ቃሉን እንዲህ መጠነ።

እኛም የምንፈራው ነገር እንዳለ አውቃለሁ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ውኃ ሙሌት ሲቃረብ ከግብፅ የተነሣ ቡድን የመንግሥት ድረ ገጾችን ሲያጠቃ የመንግሥት የሳይበር ደኅንነት ተቋም የሆነው ኢንሳ መግለጫ አውጥቷል። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ኮምፒዩተር ቆልፎ በሽተኞች ከቀጠሯቸው ተመልሰዋል። ዛሬ ደሞዛችንም፣ የሱቅ ክፍያችንም፣ ከውጭ የሚላክልን ገንዘብም ስልክ ውስጥ ገብቷል። "ሲስተም የለም" የሚለው መልስ ምን እንደሚያደርግ መስኮቱ ጋ የቆመ ሰው ያውቃል። እኔ ባለሁበት አንዲት እናት ከልጃቸው የተላከ የሐኪም ቤት ገንዘብ ሊያወጡ መጥተው "ነገ ይምጡ" ተባሉ። መድኃኒቱ ግን የሚያስፈልገው ለዚያው ቀን ነበር። ስለዚህ መስመሩ የኩባንያው ስም ላይ አይሰመር። የቆመው አገልግሎት ምንድን ነው ተብሎ ይሰመር። የአየር መንገድ የማስታወቂያ ገጽና የባንክ የክፍያ ሲስተም እኩል አይደሉም። የመብራት መቆጣጠሪያና የቢራ ፋብሪካ የፌስቡክ ገጽ እኩል አይደሉም። ሆን ብሎ የሰውን ሕይወት ወይም የዕለት ጉርስ የሚያቆም ሰው በከባዱ ይጠየቅ።

ታዲያ ተቃውሞውን ለምን ጨርሰን አንዘጋውም የሚል ይኖራል። መልሴ አደባባይ የማይደርሱ ሰዎች ስላሉ ነው።

በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ውስጥ ወገኖቻችን ሲደበደቡና ሲባረሩ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሳዑዲ ኤምባሲዎች ደጃፍ ሠልፍ ወጡ። ሪያድና ጂዳ ያሉት ራሳቸው ግን መውጣት አይችሉም ነበር። ዛሬም በአንዳንድ የዓረብ አገሮች ባለው፣ ሠራተኛን ከአሠሪው ጋር በሚያስረው የከፋላ ሥርዓት ፓስፖርቷ አሠሪዋ ጋ የተቀመጠ አንዲት የቤት ሠራተኛ ሠልፍ ልትወጣ አትችልም። ያላት ስልክ ነው። ደሞዟን ባስቀረባት ኤጀንሲ ላይ ጓደኞቿ ነገ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሁላችንም ገጹን እንክፈት፣ ሁላችንም ኮሜንት እንጻፍ ቢሏትና ብትጽፍ፣ ገጹም ቢቆለፍ፣ ይህች ልጅ ሀከር ናት? አሸባሪ ናት? ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 30 የመሰብሰብና ሰላማዊ ሠልፍ የማድረግ መብት ሲሰጥ እግር ያለው ብቻ አላለም።

አደባባይ ላይ ለሚደረግ ሠልፍ ሕጉ መላ አበጅቶለታል። አዋጅ ቁጥር 3/1983 አዘጋጆች 48 ሰዓት ቀድመው በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ይላል። ሠልፍ መንገድ ይዘጋል። ታክሲ ያስቆማል፣ ሱቅ ያስዘጋል። ይህን እያወቅን ፈቅደናል፤ ጊዜውና ቦታው ስለሚታወቅ፣ ሰዎቹም ስለሚታወቁ። ለኦንላይኑም ተመሳሳይ መላ ማበጀት አያቅተንም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። የሽብር አዋጁ አንቀጽ 4 "መሰል መብቶች" ሲል በኢንተርኔት የሚደረግ ሰላማዊ ተቃውሞ፣ የገዥዎች አድማና የጋራ ዘመቻም እንደሚገባበት በግልጽ ይጻፍ። በማብራሪያም ይሁን በማሻሻያ፣ ዐቃቤ ሕጉም ዳኛውም በአንድ ዓይን እንዲያነቡት። ሽብር የሚለው ክስ በኢንተርኔት በኩል ሲመጣ በሰው ሕይወት ወይም አካል ላይ የደረሰ ወይም ሊደርስ የነበረ አደጋ በማስረጃ ካልታየ በስተቀር አይከፈት።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ አንቀጽ 5 ላይ ደግሞ ዝቅ ያለ እርከን ይጨመርበት። ሰው በራሱ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር የተሳተፈበት፣ ቀኑና ሰዓቱ በይፋ የተነገረ፣ ሲስተም ያልተሰበረበት፣ ዳታ ያልተነካበት፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቦታው የተመለሰበት ድርጊት ጭራሽ ወንጀል ባይሆን እመርጣለሁ። ወንጀል ይሁን ካላችሁ ግን ዳኛው በገንዘብ ቅጣት ወይም በማስጠንቀቂያ ሊያልፈው የሚችል ይሁን። ቦትኔት፣ ስርቆት፣ ሲስተም ቆልፎ የማስለቀቂያ ገንዘብ መጠየቅና አስፈላጊ አገልግሎትን ማቆም አሁን ባሉበት ክብደት ይቆዩ።

ኩባንያዎችም ድርሻ አላቸው። ተጠቃን ሲሉ ሎጉን ያቅርቡ። ለከሳሹ የሚሠራ ሰው ሳይሆን ገለልተኛ ባለሙያ ይየው። የጉዳት አኃዛቸው በኦዲተር ይታይ። መርማሪና ዳኛ ደግሞ ሎግ ማንበብ የሚችል ሰው አጠገባቸው ይኑር። ይህን ሙያ ያላቸው ብዙ ወጣቶች አገር ውስጥ አሉ፤ ብትጠሯቸው ይመጣሉ።

በእነዚህ አዋጆች ላይ ማሻሻያ ወይም ማብራሪያ ስታዘጋጁ የሕዝብ አስተያየት መድረክ ክፈቱ። የባንክ የአይቲ ኃላፊዎችን ጥሩ። የሰብአዊ መብት ጠበቆችን ጥሩ። ከስደት ተመላሽ የቤት ሠራተኞችንም ጥሩ፤ እነሱ በስልክ ብቻ መጮህ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ። እኔም ከተጠራሁ ያን ማታ ያየነውን ዓይነት ሎግ፣ የሰው መረጃ የሌለበትን፣ ይዤ መጥቼ ከሥራ ፈላጊና ከአጥቂ የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዴት እንደሚለይ ኮሚቴው ፊት አሳያለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኔትዎርክ ደኅንነት ባለሙያ
አዲስ አበባ